የወላጅ መብትና የጎረቤት ልጅ



ዛሬ የምናገረው ስለ ሃይማኖተኛ ወላጅና ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አቋሜን ከመነሻው ላስታውቅ። ኦርቶዶክሳዊ ነኝ። ጋብቻ በተክሊል የሚከብር፣ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚጸና ኪዳን ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅን በሃይማኖትና በምግባር የማሳደግ አደራም ከመምህርና ከመንግሥት አስቀድሞ ለወላጅ የተሰጠ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የምናገረው ዳር ቆሜ አይደለም።

በአሜሪካ ሃይማኖተኞች በትምህርትና በቤተሰብ ጉዳይ የሚያካሂዱት ትግል ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ወላጅ «ልጄን ተዉልኝ» የሚልበት ነው። ሁለተኛው «የሁሉንም ልጅ እኔ እንደማምነው አስተምሩልኝ» የሚልበት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰልፍ ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አንደበት ላይ አብረው ይገኛሉ። ለይተን ካልያዝናቸው፣ ሁለተኛውን ስንከተል የመጀመሪያውን እናጣለን ብዬ እፈራለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ዓ.ም. የምለው የኢትዮጵያን ሳነሳ ብቻ ነው።

ሁላችሁም ከምታውቁት ልነሳ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች አሏቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ጀርመንታውን የሚኖረው ወገናችን ልጁን የሚልከው ወደ እነዚህ ነው፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለወላጆች ከሚጽፍባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። በ2022 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርንና የጾታ ማንነትን የሚያነሱ የልጆች መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የንባብ ትምህርት ውስጥ ገቡ፤ ከትንንሾቹ ክፍሎች ጀምሮ። በመጀመሪያ ወላጅ አስቀድሞ እንዲነገረውና ከፈለገ ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ እንዲያስቀር ተፈቅዶ ነበር፤ ኦፕት አውት የምንለው ነው። በማርች 2023 ግን የትምህርት ባለሥልጣኖቹ ፈቃዱን አነሱት። ከዚያ በኋላ ለወላጅ የሚነገርም፣ ልጁን ማስቀረት የሚቻልም ነገር አይኖርም ተባለ።

የእነርሱን ምክንያት አጣመን መናገር አይገባንም። ከክፍል የሚወጡት ልጆች ስለበዙ ሥራው ለመምህራን አዳጋች ሆነ አሉ። ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያላት ልጅ ደግሞ የእርሷን ቤተሰብ የመሰለ ታሪክ ሲነበብ ጓደኞቿ እየተነሱ ሲወጡ ብታይ ትሸማቀቃለች አሉ። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ልብ ይነካል። ያቺ ልጅ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናት፤ በልጆቻችን አፍ እንዳትሰደብ፣ በጨዋታ ሰዓት ብቻዋን እንዳትቆም ማድረግ የእኛ የወላጆች ሥራ ነው። ይህን በቤታችን ያላስተማርን እንደሆነ በአደባባይ ስለ ሃይማኖት መናገራችን ዋጋ የለውም። ነገር ግን የእርሷን ክብር ለመጠበቅ የሌላውን ወላጅ አደራ መውሰድ የግድ አልነበረም። ዕድሜው ስድስት ዓመት ያልሞላ ሕፃን መምህሩ ያነበበለትን መርምሮ አይቀበልም፤ እንዳለ ይቀበላል።

በዚያ ዓመት ሮክቪል ላይ ሰልፍ ሲወጣ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኞች ነበሩ። ፍርድ ቤት የሄዱት ቤተሰቦችም ሙስሊሞች፣ ካቶሊኮችና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ነበሩ። «ማሕሙድ በቴይለር ላይ» የተባለው ይህ ክስ በሁለት የበታች ፍርድ ቤቶች ለወላጆቹ አልቀናም። ጁን 27 ቀን 2025 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደላቸው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ናቸው፤ ክሱ ተሟግቶ እስኪያልቅ ድረስ ትምህርት ቤቶቹ ለእነዚህ ወላጆች አስቀድመው እንዲያሳውቁና ልጆቻቸውን ከክፍሉ እንዲያስቀሩላቸው ታዘዘ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተቃወሙ፤ በእያንዳንዱ ትምህርት ላይ አንድ ወላጅ ቅር ባለው ቁጥር ትምህርት ቤት እንዴት ይሠራል፣ ልጆችስ ከማይመስሏቸው ጋር መኖርን የት ይማራሉ ሲሉ ጠየቁ።

እኔ በፍርዱ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን አልደብቅም። በየቤቱ የሰማሁት ደስታ ግን ፍርዱ ያላለውን ጭምር ይዞ ነው። «መጻሕፍቱ ተከለከሉ» የሚል ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። አልተከለከሉም። ፍርድ ቤቱ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይውረድ አላለም፤ የሌላው ሰው ልጅ አይስማ አላለም፤ ወላጅ የትምህርቱን ይዘት ይወስን አላለም። ያለው አንድ ነገር ነው፦ ወላጅ ይነገረው፣ ልጁንም ያስቀር። ልኩ እዚህ ላይ ነው። እኔን ያስደሰተኝም ልኩ ነው።

ዳኛ አሊቶ ፍርዳቸውን ያቆሙት በ1972ቱ የዮደር ውሳኔ ላይ ነው። የዊስኮንሲን ስቴት ሕግ ልጅ 16 ዓመት እስኪሞላው ትምህርት ቤት ይሂድ ይል ነበር። አሚሾች ደግሞ መኪናንና ኤሌክትሪክን የሚሸሹ፣ እርሻ የሚያርሱ፣ ሰላማዊ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ በቤትና በእርሻ ላይ ማስተማር ፈለጉ። ሦስት አባቶች ተከሰው እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጡ። አሚሾች በእምነታቸው ምክንያት ለክርክር ፍርድ ቤት መቆም አይወዱም። ታዲያ ማን ተሟገተላቸው? ኮሚቴ አቋቁሞ ገንዘብ ያሰባሰበላቸው ዊሊያም ሊንድሆልም የተባለ የሉተራን ፓስተር ነው፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የቆመላቸው ጠበቃ ዊሊያም ቦል ካቶሊክ ነው። ከአሚሾች እምነት ጋር በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በሌላው ቤት መብት ውስጥ የራሳቸውን አይተው ነበር።

ወደ ኋላ ሄደን የዮደርን መሠረት ስንፈልግ 1925ን እናገኛለን። በኦሪገን ስቴት በኖቬምበር 1922 ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ አንድ ሕግ አጸደቀ፦ ከ8 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ይሂድ። ከሕጉ ዋነኛ ደጋፊዎች አንዱ ኩ ክለክስ ክላን ነበር። ዒላማዎቹ በተለይ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ካቶሊክ በዚያ ዘመን በብዙ አሜሪካውያን ዓይን ባዕድ ነበር፤ ለሮም እንጂ ለአገሩ አይታመንም ይባል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕጉን የደገፉት ሃይማኖት የለሾች አልነበሩም። ብዙዎቹ ራሳቸውን አጥባቂ ክርስቲያን አድርገው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የእነርሱ ስለመሰላቸው ሌላው ሁሉ እዚያ ይግባ አሉ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ያላቸው መነኮሳዪያት ግን ከሰሱ። አንድ የግል የወታደር ትምህርት ቤትም አብሯቸው ከሰሰ። ከአይሁድ ማኅበረሰብ የታወቀው ጠበቃ ሉዊስ ማርሻል ደግፎ ጻፈላቸው፤ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶችም እንዲሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ተቃውሞ ድምፅ ሕጉን ሻረው፤ ልጅ የመንግሥት ንብረት እንዳልሆነ፣ አሳዳጊዎቹ ሊያዘጋጁት መብትም ግዴታም እንዳላቸው ወሰነ። ዛሬ በዚህ አገር ማንኛውም የሃይማኖት ትምህርት ቤት በሩን የሚከፍተው በዚያ ፍርድ ነው።

ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በ1923 እኛን ከማንም በላይ የሚመለከት ፍርድ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ላይ የነበረው ጥላቻ ገና አልበረደም ነበርና፣ ኔብራስካ በ1919 ባወጣችው ሕግ ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ ማስተማር ወንጀል ሆነ። ሮበርት ማየር የተባለ የሉተራን ትምህርት ቤት መምህር፣ በዕረፍት ሰዓት አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተያዘ። 25 ዶላር ተቀጣ። ሰውየው ቅጣቱን ከፍሎ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ዝም አላለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእርሱ ፈረደ፤ ወላጅ ለልጁ የአባቶቹን ቋንቋ የማስተማር መብቱ ጸና።

ቅዳሜና እሑድ በየቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ሀ ሁ ሂ እያልን ልጆቻችንን የምናስተምረው፣ ውዳሴ ማርያም የምናስጠናው፣ በየመስጊዱ ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩት፣ ማንም ፖሊስ በሩን ሳያንኳኳ ነው። ይህን ሰላም ያገኘነው በስደት ስለመጣንና ፈረንጅ ስለራራልን አይደለም። ጀርመንኛ የሚናገሩ የሉተራን መምህራን፣ የካቶሊክ መነኮሳዪያት፣ ባርኔጣ የደፉ አሚሾች አስቀድመው ስለጸኑልን ነው። ሁሉም በጊዜያቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ሁሉም የተጠየቁት ብዙኃኑን እንዲመስሉ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ ልምጣ። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ላትስማሙ ትችላላችሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በየመድረኩ «ጸሎት ከትምህርት ቤት ሲወጣ አገሪቱ ጠፋች» ሲባል ሰምታችኋል። የሚጠቀሰው በመንግሥት ትምህርት ቤት ይደገም የነበረን ጸሎት ያስቀረው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1962 ውሳኔ ነው። የዚያ ጸሎት ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጸሎቱን የጻፈው የኒውዮርክ ስቴት የትምህርት ባለሥልጣን ነው። በእንግሊዝኛ 22 ቃላት ነበሩት። የክርስቶስ ስም አልነበረበትም፤ ሥላሴ አልተጠሩበትም፤ እመቤታችን አልተወሳችበትም። ሊኖሩበትም አይችሉም ነበር፤ መንግሥት ለሁሉም ልጅ የሚሆን ጸሎት ጻፍ ሲባል ማንንም እንዳያስቀይም አድርጎ ነው የሚጽፈው። እኔ ልጄ በስመ አብ ብሎ እንዲጀምር አስተምሬው ሳለ የመንግሥት ሠራተኛ ያረቀቀውን ጸሎት መምህሩ ቢያስደግመው ምን አተረፍሁ? ሃይማኖቴ ተጠበቀ ወይስ ተቀየረ?

ከዚያ በፊትም መንግሥት ሃይማኖት ሲያስተምር ምን እንደሚሆን ፊላደልፊያ አይታለች። በ1840ዎቹ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች የፕሮቴስታንቶቹ የኪንግ ጄምስ ትርጉም ይነበብ ነበር። የካቶሊኩ ጳጳስ ፍራንሲስ ኬንሪክ፣ ልጆቻችን የራሳቸውን መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነቡ ይፈቀድላቸው አሉ።  ወሬው ግን «ካቶሊኮች መጽሐፍ ቅዱስን ከትምህርት ቤት ሊያስወጡ ነው» ሆኖ ተናፈሰ፤ በሜይ 1844 ሰዎች ተገደሉ፤ የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ አውግስጢኖስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ይህ ሁሉ ኢየሱስ ጌታ ነው በሚሉ ሰዎች መካከል የሆነ ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሉዊዚያና በ2024፣ ቴክሳስ በ2025 ዐሥርቱ ትእዛዛት በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ክፍል እንዲሰቀሉ ሕግ አወጡ፤ ሁለቱም ወደ ፍርድ ቤት አመሩ። ብዙ የእኛ ሰዎች በዚህ እልል ብለዋል። ዐሥርቱን ትእዛዛት ማን ይጠላል? ግን ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አንብቡት። ሕጉ ቃሉን አንድ በአንድ ደንግጎታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ በጣቱ እየቆጠረ ሲያጠና ዐሥረኛው ትእዛዝ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ነው። በሰሌዳው ላይ ዐሥረኛው ይህ አይደለም፤ ጨርሶም የለበትም። የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለው ደግሞ ጎልቶ ተጽፏል። አንድ ሕፃን ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ ሰኞ ክፍል ሲገባ የመንግሥት ግድግዳ ሌላ አቆጣጠር ያሳየዋል፤ ጓደኛውም ቅዱሳት ሥዕላችሁ ኃጢአት ነው ቢለው ግድግዳውን ያመለክትለታል። እንግዲህ መንግሥት የብዙኃኑን እምነት ሲያስተምር እኛ ብዙኃኑ አይደለንም። በዚህ አገር ሆነንም አናውቅም።

ከዚህ የሚከፋም አለ፤ ለእኛ ለጥቁሮች ሊዘለል የማይገባ ነው። የወላጅ መብት የሚለው ቃል በንጹሕ እጅ ብቻ አልተያዘም። ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ብትነዱ ፋርምቪል የምትባል ከተማ ትደርሳላችሁ፤ በቨርጂኒያ የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ መቀመጫ ናት። በ1951 ባርባራ ጆንስ የተባለች የ16 ዓመት ጥቁር ተማሪ በሬንጅ ወረቀት የተሸፈኑትን የትምህርት ቤቷን ክፍሎች ተቃውማ ተማሪዎቹን አስተባበረች፤ ከዚያ የተነሳው ክስ በ1954 የዘር ክፍፍልን ከሻረው የብራውን ውሳኔ ጋር ተጠቃለለ። ካውንቲው ምን አደረገ? ጥቁርና ነጭ አብሮ ከሚማር ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ለነጮች ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የመማሪያ ቦታ ከሰጡት መካከል የነጮች አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ ስቴቱም የትምህርት ክፍያ ድጎማ ሰጠ። ከሺህ በላይ ጥቁር ልጆች እስከ 1964 ድረስ በካውንቲያቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ ዘመድ ጋ ተሰደው ተማሩ። አንዳንዶቹ ጨርሶ አልተመለሱም። የዚያን ጊዜ ባለሥልጣናት ሲጠየቁ መልሳቸው «ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት የመምረጥ ነፃነት አለው» የሚል ነበር።

ቦብ ጆንስ የተባለው የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲም ጥቁርና ነጭ እንዳይጠናኑ የሚከለክለውን ደንቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ደግፎ፣ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ለማስከበር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል፤ በ1983 በ8 ለ1 ተሸነፈ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አጥባቂ ክርስቲያኖች በአሜሪካ ፖለቲካ ውስጥ ሲደራጁ ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ መንግሥት በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ግብር ላይ ያነሳው ጥያቄ ነበር። ይህን የምነግራችሁ የዛሬዎቹን ወላጆች ለመክሰስ አይደለም። ከነማን ጋር ሰልፍ እንደምንወጣ፣ የተሸከምነው ቃል ትናንት ማንን ለማስወጣት እንደዋለ እንድናውቅ ነው። የራስን ልጅ ከማይስማማው ትምህርት ማስቀረት መብት ነው። የሰውን ልጅ ከትምህርት ቤት ማስቀረት በደል ነው።

በአገራችንም ይህ ጥያቄ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ ቤቱን ለወላጅ፣ ሌላው ክፍሉን ለሁሉም ይሰጣል። የሚጣሉት ስንፈጽማቸው ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ሙስሊም ተማሪዎች በአንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከለከሉ፤ ለብሔራዊ ፈተና መመዝገብም አልቻሉም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ታዘዘ።

አክሱም ጽዮን ለእኔ ምን እንደሆነች ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ በጥንቃቄ፣ ግን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ሂጃብ የለበሰችው ልጅ ፀጉሯን የሸፈነችው እናቷ እንዳስተማረቻት ነው። ሮክቪል ላይ «ልጄን በእምነቴ ላሳድግ» ብለን ስንቆም ከጎናችን የቆሙት ሙስሊም ወላጆች ነበሩ፤ ክሱም የሚጠራው በአንድ ሙስሊም አባት ስም ነው። እነርሱ ያሸነፉልንን መብት በኪሳችን ይዘን፣ የእነርሱ እምነት ተከታይ የሆነች ልጅ አክሱም ላይ ፈተና ስትከለከል ዝም ካልን፣ ሮክቪል ላይ የጮኽነው ስለ ወላጅ መብት ሳይሆን ስለ ራሳችን ብቻ ነበር ማለት ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኛ ግን ለራሳችን የቆረስነውን ያህል ለሌላው እንድንቆርስ ታዘናል። ዐሥረኛውን ትእዛዝ እንዲያ የቆጠርነው እኛ ነን።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ከመጻሕፍቱ ጉዳይ ይልቅ ልጆቻችንን የሚነካው ይህ ይመስለኛል። በዚህ አገር ስለ ቤተሰብ የሚናገሩ የሃይማኖት ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ስለ ቤተሰብ ጊዜ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። አሜሪካ እናት ስትወልድ ደመወዟ እየተከፈለ እንድታርፍ የሚያዝዝ የፌዴራል ሕግ ለሁሉም ሠራተኛ የላትም። የ1993ቱ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እሱም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራች ነው። ሜሪላንድ በ2022 ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ በሕግ ደንግጋለች፤ ተግባራዊነቱ ግን ሲራዘም ቆይቷል። በአራስ ቤት ሳለች ወደ ሥራ የምትመለስ እናት፣ ልጇን ክርስትና ባነሳች ማግስት ሌሊት ፈረቃ የምትገባ እናት በመካከላችን አለች። ለእርሷ ማን ሰልፍ ወጣላት? ሕይወት ቅዱስ ነው፣ ልጅ በረከት ነው የምንል እኛ ነን፤ እንግዲያው ለዚህ ሕግ እስከ ስቴቱ ምክር ቤት ድረስ መሄድ የነበረብን እኛ ነን።

የእሑድም ነገር አለ። ብዙ አባቶች በፓርኪንግ፣ በሆቴል፣ በአየር ማረፊያ፣ በነርሲንግ ሆም እሑድ ይሠራሉ። ልጁ ቅዳሴ የሚሄደው ከእናቱ ጋር ነው፤ ወይም አይሄድም። ይህ ዕጣ ፈንታ መስሎን ተቀምጠናል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት፣ በ9 ለ0፣ አንድ የፔንሲልቬንያ ፖስታ አመላላሽ እሑድ አልሠራም በማለቱ ለደረሰበት በደል ያቀረበውን ክስ ተቀብሎ ሕጉን አጠናክሮታል፤ «ግሮፍ በዲጆይ ላይ» ይባላል። ከዚያ በፊት አሠሪ ትንሽ ከተቸገረ ሠራተኛው የጠየቀውን የአምልኮ ቀን መከልከል ይችል ነበር። አሁን ግን ሥራውን በእውነት የሚጎዳ ከባድ ጫና እንዳለበት ማሳየት አለበት። አድቬንቲስቶችና ሲኮች ጭምር ለዚያ ሰው ደግፈው ጽፈዋል። ሕጉ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይመለከታል፤ በኡበርና በሊፍት በራሳቸው የሚነዱትን ግን አይሸፍንም።

ስለዚህ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ እሑድ ጠዋት ወይም የጥምቀትን ቀን፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንም የጁምዓን ሰዓት፣ ለአለቃችሁ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ሃይማኖታዊ ግዴታ መሆኑን ግለጹ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ከሥራ ባልደረባ ጋር ፈረቃ ለመለዋወጥ ዝግጁ መሆናችሁን ጨምሩ፤ ኮፒውን አስቀሩ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ደብዳቤውን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሊጽፉላችሁ ይችላሉ፤ ወጣቶቹም አባታቸው ለእሑድ ሲታገል ያያሉ። የኦፕት አውቱንም ደብዳቤ እንዲሁ በጨዋ ቃል፣ ማንንም ሳትሰድቡ፣ ለርእሰ መምህሩ ጻፉ፤ ልጃችሁ የቀረበትን ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚሠራበትም ከመምህሯ ጋር ተነጋገሩ። የሰበካ ጉባኤዎቻችን እነዚህን ሁለት ደብዳቤዎች አዘጋጅተው በአማርኛና በእንግሊዝኛ በየደጀ ሰላሙ ቢያስቀምጡ ወጪው ወረቀት ነው። አባቶች ካህናት ዛሬ ስላላችሁ፣ ይህን ለመጪው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አጀንዳ አድርጋችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።